የጋራ ሙለታና የቁንዱዶ ተራሮች ነፍሳት ይመዝገቡልን

ለኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የምሥራቅ ሐረርጌ ተራሮች ነፍሳት በየከፍታቸው እንዲመዘገቡ ስለመጠየቅ

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በሐረር ከተማ የምኖር ጡረታ የወጣሁ የባዮሎጂ መምህር ነኝ።

ከድሬዳዋ ተነሥቶ የደንገጎን ዳገት የወጣ ተሳፋሪ፣ ከ1,200 ሜትር ግድም ተነሥቶ 2,000 ሜትር ሲያልፍ የሚሰማው የአየሩ መቀዝቀዝ ነው፤ ነፍሳትን ለሚያስተውል ግን በዚያች አጭር መንገድ የአገሩ ነዋሪም ይለወጣል። ታች ያሉት ሙቀትና ድርቀት የለመዱ የቆላ ነፍሳት ናቸው። ደጋው ላይ የሚኖሩት ግን ሌላ የዘር ሐረግ አላቸው። በኢትዮጵያ ደጋዎች የሚበርረው፣ ክንፉ የመዳብ ቀለም ያለው ትንሽ ቢራቢሮ በአውሮፓና በእስያ የሚታወቀው ዝርያ ነው። ትሬኩስ የሚባሉት ጥቃቅን ጢንዚዛዎችም አብዛኞቹ ዘመዶቻቸው ያሉት በሰሜኑ ቀዝቃዛ አገር ነው። በበረዶ ዘመን ብርዱ በረታና የደጋው ዕፅዋት ወደ ታች ወረደ፤ ሙቀቱ ሲመለስ ብርድ የለመዱት ነፍሳት ወደየተራራቸው ጫፍ አፈገፈጉ። ከዚያ ወዲህ መብረር ለማይችል ጢንዚዛ ቆላው እንደ ባሕር ነው፤ ስምጥ ሸለቆን ተሻግሮ ወደ ሸዋ ደጋ መሄድ አይሆንለትም። በዚህም ምክንያት በአገራችን በአንድ ተራራ ብቻ የሚገኙ የትሬኩስ ዝርያዎች ብዙ ናቸው። ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጋራ ሙለታም እንዲሁ ከእርሱ እጅግ ዝቅ ባለ ምድር የተከበበ ነው።

ነፍሳትን መመዝገብ ቅንጦት የሚመስለው ሰው ካለ፣ የድሬዳዋን የ2014 ዓ.ም. (2022 እ.ኤ.አ.) የወባ ወረርሽኝ ያስታውስ። ከእስያ የመጣችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ በየግቢው በርሜልና ሮቶ ውስጥ እየተራባች የከተማውን ሕዝብ አሳምማለች። በአፍሪካ መጀመሪያ የታየችው በ2012 እ.ኤ.አ. በጅቡቲ ሲሆን፣ በእኛም አገር በ2016 እ.ኤ.አ. በቀብሪደሃር ተገኝታለች። እንግዳ ነፍሳት መምጣቱን በጊዜ ለማወቅ አስቀድሞ ነባሩን ለይቶ ማወቅ ግድ ይላል።

የቁንዱዶ የዱር ፈረሶች ስማቸው ወጥቶ ጠያቂ አግኝተዋል፤ እኔም ደስ ይለኛል። ከኮቴያቸው ሥር ያለውን ጢንዚዛ ግን ማንም አይጠይቀውም።

ስለዚህ ኢንስቲትዩቱ ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ፣ ከደንገጎ ሥር እስከ ጋራ ሙለታ ጫፍ፣ እንዲሁም በቁንዱዶ፣ በየከፍታው ነፍሳትን በክረምትና በበጋ እንዲሰበስብ፣ የእያንዳንዱ ናሙና የተገኘበት ቦታ፣ ከፍታና ቀን ተጽፎ አንድ ስብስብ በዚሁ በምሥራቅ እንዲቀመጥ እጠይቃለሁ። በተለይ የቀረው የጥድ ደን በባሕር ዛፍ ከመተካቱ በፊት በሥሩ ያለው አፈርና የወደቀው ግንድ ቢፈተሽ እወዳለሁ፤ መብረር የማይችሉት የሚደበቁት እዚያ ነውና። እግሬ እስከቻለ ድረስ መንገድ ለማሳየት ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮታዊ ሰላምታ ጋር፣
አንድ የሐረር ነዋሪ