ራም የሚሸጡልን ነጋዴዎች ሙሉውን ቁጥር ይንገሩን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። በአዲስ አበባ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር በመገጣጠምና በመጠገን የምተዳደር ሰው ነኝ። ደንበኞቼ በአብዛኛው የሠርግና የማስታወቂያ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ፣ የሕንፃ ንድፍ የሚሠሩ፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ጌም የሚወዱ ወጣቶች ሲሆኑ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ብዙዎቹ ማሽናቸው ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ እንዲሠራ፣ በሙያው አጠራር ኦቨርክሎክ እንዲደረግላቸው ይጠይቁኛል። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ዕቃ) ሲገዛ በተደጋጋሚ የማየው ስሕተት ነው። ሻጩ የሚናገረው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ገዢውም የሚጠይቀው ያንኑ ነው። ሳይነገሩ የሚቀሩት ቁጥሮች ግን ማሽኑ በሰላም መሥራት አለመሥራቱን የሚወስኑት ናቸው።

ነገሩን በደረሰብኝ ላስረዳ። አንድ ቪዲዮ አቀናባሪ ደንበኛዬ በአንድ ካርቶን ጥንድ ሆኖ የመጣ ሁለት ፍሬ ባለ 16 ጊጋባይት ዲዲአር4 (የራም አራተኛ ትውልድ) ነበረው፤ ፍጥነቱ 3600 ነው፣ የቁጥሩን ትርጉም ከታች አስረዳለሁ። ሥራው ሲሰፋ ከሌላ ሱቅ ሁለት ፍሬ ጨምሮ ገዝቶ አመጣልኝ። ሻጩ «ያው 3600 ነው፣ ልዩነት የለውም» ብሎታል፤ በእርግጥም የምርቱ ስምም ሆነ የሽፋኑ ቀለም አንድ ነበር። ገጠምኩለት፣ ኮምፒውተሩ ተነሣ፣ 64 ጊጋባይት አሳየ፣ ደስ ብሎን ተለያየን። ከሦስት ሳምንት በኋላ የአንድ ሠርግ ቪዲዮ ጨርሶ ሲያወጣ መሀል መሀሉ ላይ የተበጣጠሰ ምስል ይታይ ጀመር፤ በመጨረሻም የፕሮጀክቱ ፋይል አልከፈት አለ። ለሙሽሮቹ የተቀጠረው ቀን ደርሶ ነበር። ማሽኑን ሌሊቱን ሜምቴስት86 በተባለ የራም መፈተሻ ፕሮግራም ስፈትሸው ስሕተቱ ተደረደረ። አዲሶቹን ሁለት ፍሬዎች ነቅዬ ስደግመው አንድም ስሕተት አልወጣም፤ አዲሶቹን ለብቻቸው ስፈትናቸውም ንጹሕ ሆነው ተገኙ። ሁለቱም ጥንዶች በየራሳቸው ደኅና ነበሩ፣ በዚያ ፍጥነት አብረው መሥራት ግን አልቻሉም። ሳልፈትሽ ማስረከቤ የእኔ ጥፋት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሌሊቱን ሙሉ ያልተፈተሸ ማሽን ከእጄ አይወጣም።

ምክንያቱን ገዢዎች ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል። የራም ቺፕ በብዛት የሚያመርቱት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን የተባሉት ሦስት ኩባንያዎች ናቸው፤ በየሱቁ የምናያቸው ስሞች አብዛኞቹ ከእነዚህ ቺፕ ገዝተው በሰሌዳ ላይ የሚያሰፍሩ፣ ሽፋንና መብራት ጨምረው የሚሸጡ ናቸው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ስምና ቀለም ያላቸው ሁለት ራሞች፣ የተመረቱበት ጊዜ ከተለያየ፣ ውስጣቸው የተለያየ ቺፕ ሊሆን ይችላል። በአንድ ካርቶን ጥንድ ሆኖ የሚሸጠው ግን አብሮ እንዲሠራ ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ከዚህም በላይ ፍሬው በበዛ ቁጥር በፕሮሰሰሩ (በኮምፒውተሩ ዋና አስሊ ቺፕ) ውስጥ ያለው የሜሞሪ መቆጣጠሪያ ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል። የፕሮሰሰር አምራቹ ኤኤምዲ ራይዘን 7000 ለተባሉት ፕሮሰሰሮቹ በይፋ የሚያረጋግጠው ፍጥነት ሁለት ፍሬ ሲገጠም 5200 ሲሆን፣ አራት ፍሬ ሲገጠም ወደ 3600 ይወርዳል። 64 ጊጋባይት የሚያስፈልገው ሰው አራት ባለ 16 ከሚገዛ ሁለት ባለ 32 ቢገዛ የሚሻለው ስለዚህ ነው።

ወደ ቁጥሮቹ ልመለስ። በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው 3200፣ 3600 ወይም 6000 ብዙ ሰው ሜጋኸርዝ የሚለው ቢሆንም፣ ትክክለኛ ትርጉሙ ራሙ በአንድ ሰከንድ ስንት ሚሊዮን ጊዜ መረጃ እንደሚያስተላልፍ ነው፤ ራሙ በአንድ የሰዓት ምት ሁለት ጊዜ ስለሚያስተላልፍ እውነተኛው ምት የዚያ ግማሽ ነው። ከዚህ ቁጥር ጎን በትንሹ የሚጻፈው ሲኤል ደግሞ ራሙ ሲጠየቅ መልስ ለመስጠት ስንት ምት እንደሚጠብቅ ይነግረናል። አንዱ ያለ ሌላው ብዙም ትርጉም የለውም። ሲኤሉን በ2000 አባዝቶ ለፍጥነቱ ያካፈለ ሰው የጥበቃውን ጊዜ በናኖሰከንድ ያገኛል። 3200 በሲኤል 16 ጥበቃው 10 ናኖሰከንድ ነው፤ 3600 በሲኤል 18ም 10 ነው፤ 6000 በሲኤል 30ም ያው 10 ነው። 6000 በሲኤል 40 ከሆነ ግን ከ13 ናኖሰከንድ በላይ ይወጣል። ሁለቱም በሱቅ መደርደሪያ ላይ «6000» ተብለው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ርካሹን የወሰደ ሰው ለምን እንደረከሰ የሚነግረው የለም፣ ውዱን የወሰደም የከፈለው ለመብራቱ ይሁን ለፍጥነቱ አያውቅም።

ሌላው ሳይነገር የሚቀረው፣ በካርቶኑ ላይ ያለው ፍጥነት ራሙ እንደተሰካ በራሱ የሚመጣ አለመሆኑ ነው። ለዲዲአር4 በዓለም አቀፉ መስፈርት የተደነገገው ከፍተኛ ፍጥነት 3200፣ ቮልቴጁም 1.2 ነው። 3600 ተብሎ በ1.35 ቮልት የሚሸጥ ራም ገና ከሱቅ ሲወጣ ኦቨርክሎክ ነው። ይህ ፍጥነት የሚገኘው ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው መሠረታዊ ፕሮግራም) ውስጥ ገብቶ፣ በኢንቴል ፕሮሰሰር በሚሠራ ማሽን ኤክስኤምፒ፣ በአዲሶቹ የኤኤምዲ ማሽኖች ደግሞ ኤክስፖ የሚባለውን ቅንብር በማብራት ነው። በ3600 ዋጋ የተገዛ ራም ለዓመታት በ2133 ሲሠራ የቆየባቸው ማሽኖች እጄ ላይ ብዙ ገብተዋል። ኤኤምዲም ራምን ከመስፈርቱ በላይ ማሠራት የፕሮሰሰሩን ዋስትና እንደሚያሳጣ በግልጽ ጽፏል፤ ደንበኛ ይህን ማወቅ ያለበት ከመግዛቱ በፊት ነው።

ማዘርቦርዱን (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ዋና ሰሌዳ) እና ፕሮሰሰሩን ሳያዩ ራም መግዛትም ገንዘብ ማባከን ነው። ኤች510 ወይም ኤች610 የተባለ ቺፕሴት (የሰሌዳው መቆጣጠሪያ ቺፕ) ያለው የኢንቴል ማዘርቦርድ ራምን ከተደነገገው በላይ እንዲያፈጥኑ አይፈቅድም፤ ውድ ራም ቢሰካበትም ወደ ታች አውርዶ ያሠራዋል። በራይዘን 5000 ላይ ደግሞ ራሙና የፕሮሰሰሩ የውስጥ መገናኛ በእኩል ምት ሲሄዱ ነው ውጤቱ የሚያምረው፤ ያ መገናኛ በአብዛኞቹ ፕሮሰሰሮች በአስተማማኝነት የሚደርሰው 1800 ገደማ፣ ማለትም የ3600 ግማሽ፣ በመሆኑ ተስማሚው ራም 3600 ይሆናል። ከዚያ በጣም ሲታለፍ ሁለቱ ምታቸው ይለያያል፤ በብዙ ብር የተገዛው 4400 ከ3600 የዘገየ ሆኖ ይገኛል። ለራይዘን 7000 ኤኤምዲ ራሱ ተስማሚ ያለው 6000 ነው። ለቪዲዮ አቀናባሪ ግን ከሁሉም በፊት መጠኑ ይቅደም እላለሁ፤ ራሙ ሲያንስ ኮምፒውተሩ ወደ ዲስክ ስለሚሄድ፣ በዚያን ጊዜ የትኛውም ፍጥነት አያድነውም።

የከተማችንን ሁኔታም መርሳት አይገባም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች በመሆኗ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በአምስት እጅ አንድ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት ይዞ የመሄድ አቅሙ ያንኑ ያህል ይቀንሳል። የራም ቺፕ መረጃን የሚይዘው በጣም ጥቃቅን በሆኑ የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያዎች ሲሆን፣ ሲሞቅ የተጠራቀመው ቶሎ ይፈሳል። ለብቻው ሲፈተሽ ንጹሕ የነበረ ራም ግራፊክስ ካርዱ ከሥሩ ሲግል ስሕተት የሚያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። በሌላ ቦታ የተሠራ ሙከራ ላይ የታየውን ቅንብር እንዳለ ቀድቶ እዚህ መሙላት አደጋ አለው፤ ቮልቴጁን ከፍ ከማድረግ በፊት የአየር መዘዋወሪያውን ማስተካከል ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ2023 አንዳንድ ማዘርቦርዶች ኤክስፖ ሲበራ ለፕሮሰሰሩ የሚሰጡትን ቮልቴጅ ከልክ በላይ ከፍ እያደረጉ የራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች መቃጠላቸው ይታወሳል፤ ኤኤምዲም ያ ቮልቴጅ ከ1.3 እንዳያልፍ የሚያግድ አዲስ ባዮስ እንዲወጣ አድርጓል። ስለዚህ ባዮስ ሳይታደስ ኤክስፖ አይበራም። እድሳቱም መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ያለ ዩፒኤስ መሠራት የለበትም፤ መሀል ላይ ከተቋረጠ ማዘርቦርዱ ላይነሣ ይችላል።

ኮምፒውተሩ መነሣቱ ደኅና ለመሆኑ ማረጋገጫ ተደርጎ መወሰዱ በጣም ያሳስበኛል። ተራ ዴስክቶፕ ራሙ ላይ አንዲት ቢት (የመረጃ ትንሿ ቅንጣት) ስትገለበጥ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ከዲዲአር4 ቀጥሎ የመጣው ዲዲአር5 በየቺፑ ውስጥ ስሕተት የማረም ችሎታ ቢኖረውም፣ መረጃው ከራሙ ወደ ፕሮሰሰሩ ሲጓዝ የሚበላሸውን አያርምም። ማሽኑ ሳይዘጋ፣ ሰማያዊ ስክሪንም ሳያሳይ፣ የሰውን ድካም ቀስ በቀስ ሊያበላሽ ይችላል። የደንበኛዬ የሠርግ ፋይል የሄደው እንዲሁ ነው። ሜምቴስት86 ነፃው ዕትሙ አራት ዙር ስለሚፈትሽ ማታ ተጀምሮ ጠዋት ይታያል፤ አንድ ስሕተት እንኳ ከወጣ «ትንሽ ነው» ተብሎ አይታለፍም፣ ፍጥነቱ ይቀነሳል ወይም ራሙ ይመለሳል። ከዚያም ማሽኑ በሚሠራበት ትክክለኛ ሥራ፣ ሙሉ ሙቀቱ ላይ፣ ጥቂት ሰዓት መፈተን አለበት።

ጊዜው ደግሞ ለስሕተት የሚመች አይደለም። ከእ.ኤ.አ. 2025 መጨረሻ ጀምሮ የአርተፊሻል ኢንተለጀንስ ማዕከላት የሜሞሪ ምርቱን እየጠቀለሉት በዓለም ገበያ የራም ዋጋ እጅግ ንሯል፤ ማይክሮንም ክሩሻል በሚለው ስም ለተራ ተጠቃሚ የሚሸጠውን ምርት እንደሚያቆም አስታውቋል። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣ ራም ከመጣ በኋላ «ካልሆነ እመልሳለሁ» የሚባል ነገር የለም።

ስለዚህ በጋዜጣችሁ በኩል አስመጪዎችንና ባለሱቆችን የምጠይቀው ይህን ነው። በዋጋ ዝርዝራችሁና በማስታወቂያችሁ ላይ ከፍጥነቱ ጎን ሲኤሉን፣ ቮልቴጁን፣ እንዲሁም ራሙ በፋብሪካ የተጣመረ ይሁን ከተለያየ ካርቶን የተገጣጠመ ጻፉልን። ሦስቱም ካርቶኑ ላይ ወይም ሲፒዩ-ዚ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ላይ ስለሚገኙ ተጨማሪ ወጪ የላቸውም። ገዢው ሳይከፍል ራሙ እዚያው ሱቅ ውስጥ ተሰክቶ እንዲታይ ፍቀዱ፤ በራሱ ማሽን ላይ ፈትሾ ስሕተት ካወጣም በሳምንት ጊዜ ውስጥ እንዲመልስ በደረሰኙ ላይ ይጻፍለት። የዝግጅት ክፍሉም በቴክኖሎጂ ገጹ ላይ የኮምፒውተር ዕቃ ዋጋ በሚያወጣበት ጊዜ እነዚህኑ ቁጥሮች አሟልቶ እንዲያወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኮምፒውተር ገጣጣሚ፣ ከአዲስ አበባ