ስለ ሱፍ አበባ ላይኖቻችን

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ባለፈው ስለ ላይኖቻችን፣ ማለትም ለማዳቀያ ስለያዝናቸው ንጹህ የዘር ሐረጎች፣ "ላይኖቹ ሁሉ አንድ አይነት ናቸው ምን ያዳቅለናል" ያላችሁት ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተ። ቁመታቸውና የአበባቸው ስፋት ስለተመሳሰለ ጂናቸውም አንድ ነው ማለት አይደለም፣ እንዲያውም በአይን የማይገናኙት ዘመዳሞች ሆነው ሊገኙ ይችላሉ፣ ስለዚህ በማርከር (በዲኤንኤ ምልክት) ሳናይ ክሮስ (የሚዳቀሉ ጥንዶች) መምረጥ ለኔ ቁማር ነው።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን ሳይቶፕላዝሙ፣ ማለትም ከእናት የሚወረሰው ከኒውክለስ ውጪ ያለው የሴል ክፍል ነው። ሌክለርክ የሚባለው ፈረንሳዊ በ1969 ፔቲዮላሪስ ከሚባለው የሱፍ አበባ የዱር ዘመድ ወንዴ መካን የሚያደርገውን (ተክሉ የሚሰራ የአበባ ብናኝ እንዳይኖረው የሚያደርገውን) ሳይቶፕላዝም አገኘ፣ ከዛ ወዲህ የአለም የሱፍ አበባ ሃይብሪድ (ድቅል ዘር) አብዛኛው የተሰራው በሱ ነው፣ በእናት በኩል ሁሉም አንድ ቤት ማለት ነው። በ1970 አሜሪካ በቆሎ ላይ በአንድ ሳይቶፕላዝም ምክንያት የደረሰውን የቅጠል በሽታ አስታውሱ እስቲ!

ወደ 50 የሚጠጉ የሱፍ አበባ የዱር ዝርያዎች አሉ፣ ዳውኒ ሚልዲውና ዝገት የሚባሉትን በሽታዎች የሚቋቋም ጂን ከነሱ ተገኝቷል። ችግሩ ቅርንጫፍ ማብዛቱና የፍሬው ማነስ አብሮ ይመጣል፣ ለዛ ነው ደጋግሞ ወደ ለማዳው መመለስ (ባክክሮስ) የሚያስፈልገው፣ አሰልቺ ነው አውቃለሁ።

በሉ የአበባ ቀን ስትመዘግቡ የእናት ላይኖቹንና ሬስቶረሮቹን (የሃይብሪዱን ወንዴ ፍሬያማነት የሚመልሱትን የአባት ላይኖች) ለየብቻ ጻፉልኝ፣ ባለፈው ተቀላቅሎ ሁለት ቀን አቃጥሎኛል።