«ኖርማል ነው» ያልኳት እኔ ነኝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው የጤና ዓምዳችሁ ስለ ነፍሰ ጡር ሴት ደም ግፊት የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ለጉዳዩ ቦታ መስጠታችሁ ደስ ይላል። ግን «ኩላሊቷ ሲዳከም ግፊቷ ይወጣል፤ ጨው ትቀንስ፣ ትረፍ» ብሎ ማለፉ አልተዋጠልኝም። እኔ ደሴ ውስጥ ላቦራቶሪ ነው የምሠራው። ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ከሽንትና ከደም ጋር ስውል ዓመታት ተቆጥረዋል፣ ደግሞም በዚሁ ጉዳይ ተሳስቻለሁ።

አምና በረመዳን ኮምቦልቻ ያለችው ታናሽ እህቴ ስምንተኛ ወሯን ይዛ ነበር። ፊቷ አበጠ። ቀለበቷ ከጣቷ አልወጣ አለ። ጎረቤት «መንታ ነው» አለ። ራሷን ሲፈልጣት ደግሞ ሁላችንም፣ እኔም ጭምር፣ የቡና ሱስ ነው አልን። ወሎ ውስጥ በጾም ራስ ሲያም ሌላ ምን ይባላል? አንድ ቦታ ሄደች፤ ግፊቷንም ሳትለካ፣ ሽንትም ሳትጠየቅ ደም ብቻ ሰጥታ ወጣች፣ ውጤቱንም በስልኳ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ክሬቲኒን (ኩላሊት ከደም አጣርቶ የሚያወጣው ቆሻሻ) 1.0። ወረቀቱ ላይ የታተመው ጤናማ መጠን እስከ 1.1 ይላል። «ኖርማል ነው፣ አይዞሽ» ብዬ መለስኩላት።

ከሦስት ቀን በኋላ ዓይኗ ብዥ አለባት። ግፊቷ 170 በ110፣ ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን ሦስት ፕላስ፣ ማለትም ብዙ። የሐረጎን ዳገት በሌሊት በአምቡላንስ ወጣችው።

ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። ሴት ስታረግዝ ኩላሊቷ ሥራው ይጨምራል፤ ደም የማጣራት አቅሙ በግማሽ ያህል ያድጋል። ስለዚህ ክሬቲኒኗ መውረድ አለበት፣ ብዙ ጊዜ በ0.4 እና በ0.8 መካከል ይሆናል። ወረቀቱ ላይ የታተመው ቁጥር ግን ላላረገዘች ሴት የወጣ ነው። ለእኔ 1.0 ደህና ነው፣ ለእህቴ ያኔ የኩላሊቷ ማጣሪያ እየተዘጋ መሆኑን የሚናገር ቁጥር ነበር። ስንቷን በዚህ ዓይነት «ኖርማል» ብለን እንደሸኘን አላህ ነው የሚያውቀው።

ወደ ዓምዳችሁ ልመለስ። በእርግጥ ከማርገዟ በፊት ኩላሊቷ የታመመ ሴት አለች፤ የእሷ ግፊት ወይም ፕሮቲን አብዛኛውን ጊዜ ገና ከ20 ሳምንት በፊት ይታያል። ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው፣ እህቴን የያዛት የእርግዝና ግፊት፣ ግን ከ20 ሳምንት በኋላ ነው የሚመጣው፣ መነሻውም ኩላሊት ሳይሆን የእንግዴ ልጁ ነው። በጤናማ እርግዝና የእንግዴ ልጁ ህዋሳት ወደ ማህፀን የደም ሥሮች ገብተው ጡንቻማ ግድግዳቸውን ያፈርሱታል፣ ጠባቡ ቦይ ሰፊ ወንዝ ይሆናል። ይህ ሳይሳካ ሲቀር የእንግዴ ልጁ ደም ያንሰዋል። ያኔ ኤስ-ፍልት-1 የሚባል ፕሮቲን አብዝቶ ወደ እናትየዋ ደም ይለቃል።

ይህ ፕሮቲን ቀማኛ ነው። የደም ሥርን የውስጥ ሽፋን በጤና የሚያቆየውን ቪኢጂኤፍ የተባለ ንጥረ ነገር እየያዘ ያስቀራል። የአንድ ኩላሊት ማጣሪያዎች ወደ ሚሊዮን ይጠጋሉ፣ ሁሉም ያለ ቪኢጂኤፍ አይኖሩም። ሲቀሙ ውስጣቸው ያብጣል፣ ቀዳዳቸው ይደፈናል፣ ወንፊትነታቸውም ይበላሽና ማለፍ የሌለበት ፕሮቲን ሾልኮ ሽንት ውስጥ ይገባል። የቀሩትም የደም ሥሮች ይጠባሉና ግፊት ይወጣል። በ2003 (እንደ ፈረንጆቹ) ቦስተን ያሉ ተመራማሪዎች አይጦች ሰውነታቸው ይህን ፕሮቲን በብዛት እንዲያመርት ሲያደርጉ ግፊትም፣ የሽንት ፕሮቲንም፣ ያው የኩላሊት እብጠትም መጣባቸው። ያላረገዙት አይጦች ላይ እንኳ! ቪኢጂኤፍን የሚያግዱ የካንሰር መድኃኒቶችም ግፊት ያወጣሉ፣ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ያመጣሉ።

እንግዲህ ጨው የት ገባ? የዓለም ጤና ድርጅት ይህን በሽታ ለመከላከል ብሎ ጨው መቀነስን አይመክርም። የሚመክረው ምግባቸው ካልሲየም ለሚያንሰው እርጉዞች በቀን ከ1.5 እስከ 2 ግራም ካልሲየም ነው፣ ከፍተኛ ስጋት ላለባት ደግሞ 75 ሚሊ ግራም አስፕሪን፣ ቢቻል ከ20 ሳምንት በፊት ተጀምሮ። ሁለቱም በሐኪም ትእዛዝ ነው፤ ከሱቅ ገዝታችሁ እንዳትውጡ።

በዚህ በሽታ ለተያዘች ሴት ስለሚሰጠው ማግኒዥየምም አንድ ነገር ልበል፤ ሴቶቹ «የሚያቃጥለው መርፌ» ብለው ይፈሩታል። እውነት ነው ያቃጥላል። ግን ኤክላምፕሲያን፣ ማለትም «ጂን ነው» እየተባለ የሚታለፈውን መንቀጥቀጥ፣ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ፣ ኩላሊት ሲዳከም ደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ለዚህ ነው ነርሷ ሽንት የምትለካው፣ መድኃኒቱ እንዳልበዛ ለማወቅም ጉልበት በመዶሻ የምትመታው። እህቴ «ልጄ በሆዴ ሆኖ ጉልበቴን ምን ያደርግላታል?» ብላ ነርሷን ተቆጥታ ነበር።

በ34 ሳምንቷ ወለደች። ልጁ ትንሽ ነበር፣ አሁን ደህና ነው። ዓምዳችሁ «ከወለደች ያልፋል» ይላል። የእህቴ ግፊት በአራተኛው ቀን እንደገና ወጣ። እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ አደጋው አለ፤ ከዚያም በኋላ ባሉት ዓመታት ለግፊትና ለኩላሊት በሽታ የመጋለጥ ዕድሏ ከሌላው ሰው ይበልጣል። ይህን ብታርሙት ደስ ይለኛል።

እኔ አሁን የነፍሰ ጡር ክሬቲኒን ሲመጣ ከቁጥሩ ጎን በእስክሪብቶ «እርጉዝ ናት» ብዬ እጽፋለሁ። አንዳንዱ ሐኪም ደውሎ «ምን ለማለት ነው?» ይለኛል፤ እነግረዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ወርጄ የግፊት መለኪያውን ክንዷ ላይ ስጠቀልል እህቴ «እቴ፣ ልጁ እኮ መዳህ ጀመረ፣ እስከ መቼ ነው የምትለኪኝ?» አለችኝ። 128 በ84 ነበር። ዝም ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ፣ ከደሴ