ካሜራውን የዘጋሁት ለዚህ ነው

እማዬ፣

እንዴት ነሽ? የግፊት መድኃኒትሽን እንዳታቋርጪ፣ አደራ። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ ለአያቴ ካላሳየሁ ብላ አስቸግራኛለች። ትልቁ ማንበብ ጀምሯል። ያገኘውን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብሎ ያነብልናል።

ሰሞኑን ስንደዋወል ካሜራውን የምዘጋው ኔትወርክ አስቸግሮኝ አይደለም። ዋሸሁሽ። ጡቴን ለማሳነስ ኦፕራሲዮን ሆኛለሁ። ዛሬ 12ኛ ቀኔ ነው።

አትደንግጪ፣ ደህና ነኝ። ያስቸገረኝ እብጠቱ ነው። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ብሶ ቆዳዬ ተወጥሮ ያብለጨልጭ ነበር። አሁን ጎደል ብሏል፤ ግን ግራው ከቀኙ ይበልጣል። ጠዋት ቀለል ይለኛል፤ ስንቀሳቀስ ከዋልኩ ማታ ይከብደኛል። ሐኪሟ አብዛኛው በ6 ሳምንት ውስጥ ይጎድላል፣ ትክክለኛ ቅርጹ የሚታየው ግን ከወራት በኋላ ነው ብላኛለች። ጠበቅ ያለውን ጡት ማስያዣ ሌሊትም አላወልቅም። ትራስ ደራርቤ በጀርባዬ እተኛለሁ። ከባድ ነገር ማንሳት ለሳምንታት ተከልክያለሁ። ትንሿ «እቀፊኝ» ስትል ዝም ማለቴ ነው አንጀቴን የሚበላው።

አንዱ ጎን በድንገት አብጦ ከጠጠረ ወይም ትኩሳቴ 38 ካለፈ ወዲያው ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። ስለዚህ በኔ የተነሳ እንቅልፍ እንዳታጪ።

ለምን ደበቅሽኝ ትይኛለሽ። እማዬ፣ 13 ዓመቴ እያለ እንግዳ ሲመጣ «ሹራብ ደርቢ» ትይኝ ነበር። በዚያ ሙቀት። ሹራቡን ከተውኩት ቆየሁ፤ ጎንበስ ብሎ መሄዱ ግን አለቀቀኝም። ያሳፈርኩሽ ይመስለኝ ነበር። ጀርባዬን ሲያመኝ፣ ከጡቴ ስር ሲላላጥ እንኳ ላንቺ መንገር አፈርኩ።

ባለፈው አንቺ ጋ መጥቼ ልብስ ስትቀይሪ ትከሻሽን አየሁት። የጡት ማስያዣው ማንገቻ የቆፈረው ጉድጓድ ልክ እንደኔው ነው። እንዲያውም ያንቺ ይጠልቃል። ታውቂው ነበር ማለት ነው። ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ያን ቀን ተናድጄ ወጣሁ። እዚህ ተንጋልዬ ሳስበው ግን፣ አንቺን ያመመሽ እንደሆነ አንድ ሰው እንኳ ጠይቆሽ አያውቅም። እኔም ጭምር።

ስንት ዓመት ነው የሚያምሽ?

እሁድ ስደውል ካሜራውን እከፍተዋለሁ። ብቻሽን ሁነሽ ጠብቂኝ።

ልጅሽ