ወረቀት ለቃሚዎቹ፦ የታሪክና መዛግብት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

አምና በዚህ መጽሔት የክበባት ዘገባ ላይ የደረሰን ስድስት መስመር ነበር። ሦስቱ የአባላት ቁጥር፣ ሁለቱ ምስጋና፣ አንዱ ደግሞ «የመዛግት ክበብ» ተብሎ የታተመው ስማችን። ዘንድሮ አዘጋጆቹን ለምኜ ሰፋ ያለ ቦታ አግኝቻለሁ። በልመና ያገኘሁትን ቦታ መልሼ ለልመና እንደማውለው ከአሁኑ ልናገር፤ ወላጆች ወደ ታች ሲወርዱ «የብረት ካቢኔት» እና «ስካነር» የሚሉ ቃላት ቢያጋጥሟቸው እንዳይደነግጡ።

ክበባችንን በቅጽል ስሙ የምታውቁት ትበዛላችሁ። «ወረቀት ለቃሚዎች» የተባልነው መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ ሻይ ላይ ነው፤ ማን እንዳለውም አውቃለሁ። አልተቀየምንም፤ ልጆቹ እንዲያውም በሰልፍ ሰዓት ራሳቸውን በዚሁ ስም ማስተዋወቅ ጀምረዋል። ግን «ታሪክን ክፍል ውስጥ ይማሩት የለም ወይ፣ ክበብ ደግሞ ለምን?» ለሚሉ ባልደረቦቼ መልስ አለኝ። ክፍል ውስጥ አክሱምንና ዓድዋን ይማራሉ፤ ይገባልም። በየቀኑ በባጃጅ የሚያልፉትን የእርሻ ኮሌጅ በር ግን መማሪያ መጽሐፋቸው ውስጥ አያገኙትም።

ስብሰባዎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ዘወትር አርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ተገናኘን። መስከረም መጨረሻ ላይ 31 ልጆች ተመዘገቡ፣ ገና ሳይደርስ 17 ቀሩ፣ እነዚያ 17ቱ ግን እስከ ሰኔ አልተነቃነቁም። ሥራ አስፈጻሚ ተመረጠ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ በሚኒ ሚዲያ አራት ጊዜ ዝግጅት አቀረብን። ጅሬን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አየን፤ እሱን ሁሉም ክበብ ስለሚያየው አላስረዝመውም።

የዓመቱ ርዕሳችን የጅማ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ታሪክ ነበር፤ ሥራው የተጀመረውም በጠብ ነው። ሁለት የ11ኛ ክፍል ልጆች ለሚኒ ሚዲያ ጽሑፍ ሲያዘጋጁ፣ አንዷ የእርሻ ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በ1952 ነው አለች፤ ሌላው በ1945 ነው ብሎ ድርቅ አለ። ለሁለት ሳምንት አልተነጋገሩም። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ እሷ የፈረንጁን፣ እሱ የእኛን አቆጣጠር ይዘው ነው። ከዚያ ወዲህ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ያልተጻፈበት ዓመት ወደ መዝገባችን አይገባም። ከፈረንጁ ዓመት ላይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ድረስ ስምንት መቀነስ ቀላል ይመስላል። ስንት የምረቃ መጽሔት ይህን ሳይለይ እንደታተመ ግን ቁጭ ብሎ የቆጠረ ያውቃል።

የእርሻ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት የአሜሪካ መንግሥት «ፖይንት ፎር» የተባለ ዕርዳታና የኦክላሆማ እርሻና ሜካኒካል ኮሌጅ መምህራን ነበሩበት። ልጆቹን ከዚህ ይልቅ ያስገረማቸው የዓለማያ ነገር ነው። ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ያ ኮሌጅ ሕንፃው እስኪያልቅ ድረስ የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ያስተማረው እዚሁ ጅማ ነው፤ ወደ ምሥራቅ የሄደው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። «ታዲያ ሐረማያ የቤት ኪራይ አለበት» አለ አንዱ አባላችን፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል። በጤናው በኩል ደግሞ ጣልያን በ1930 ዓ.ም. ለወታደሮቹ ያቆመው ሆስፒታል አለ። እ.ኤ.አ. በ1983 የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተከፈተና ተማሪዎቹን ቀበሌ ለቀበሌ፣ ቤት ለቤት በማሠራት ስሙ ወጣ። ነጭ ጋዋን ለብሰው ስለ ሽንት ቤቱና ስለ ውሃው ጠይቀው የሄዱትን ልጆች የማያስታውስ የጅማ ቤተሰብ ጥቂት ነው። እርሻውና ጤናው በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ፤ የኪቶ ፉርዲሳው ግቢና የአጋሮው ካምፓስ ኋላ የመጡ ናቸው።

ይህን ሁሉ ማንም ፈልጎ ያገኘዋል። እኛ የፈለግነው በሰው ቤት፣ በአልጋ ሥር የተቀመጠውን ነው።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ቅዳሜ፣ ዝናቡ ገና ማለዳ ጀምሮ፣ ዘጠኝ ሆነን ጊንጆ ወደሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ቤት ሄድን። በጉልምስናቸው ደፍ ላይ እርሻ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ላም አላቢ ነበሩ። ስሜ አይጻፍ ስላሉ እንደ ልጆቹ አባባ እላቸዋለሁ። ቡና እየተቆላ ነበር። አባባ ከአልጋው ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወጡ፤ ውስጡ ሁለት ጊዜ በፌስታል የተጠቀለለ፣ ሽፋኑ የጠፋ የሒሳብ ደብተር። የ1961 ዓ.ም. ነው። በእርሳስ የተጻፈ፤ በግራ የላሞቹ ስም፣ ቀጥሎ «ጠ» እና «ማ»፣ ማለትም ጠዋትና ማታ፣ ከሥራቸው ሊትሩ። ቡሬ፣ ጠ 4፣ ማ 3። ዳለቻ፣ ጠ 5፣ ማ 3 ተኩል። ገጽ በገጽ እንዲህ ነው። ዋናው መዝገብ የተያዘው ቢሮ ነበር፤ ይህ የግላቸው ነው። «አለቃዬ ተሳስቷል ቢለኝ የማሳየው እንዳላጣ ብዬ ነው» አሉን።

አባባ የሚያወሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። የእኔ ኦሮምኛ ከገበያ አያልፍም። ያስተረጎመልን አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ነው፤ ክፍሉን የሚደግም፣ እኔ ክፍል ውስጥ ከኋላ ወንበር ላይ ከ«አቤት» በቀር ቃል ሰምቼበት የማላውቅ። እዚያ ቤት ግን የሚያስቆመው ጠፋ። ላም ስንት ጊዜ እንደሚታለብ ያውቃል፣ ጡቷ ሲያብጥ ምን እንደሚደረግ ያውቃል፤ ከአባባ ጋር እንደ እኩያ ነው የተጫወቱት።

ደብተሩን እያገላበጠ ሳለ አንድ ገጽ ላይ ቆመ። የላሞቹ ስም አለ፤ የሦስት ቀን ሊትር የለም። ጣቱን ሳያነሳ ጠየቃቸው። አባባ መነጽራቸውን አወለቁ። ቡናው ሁለተኛው ሊቀዳ ነበር፤ የምትቀዳዋ የልጅ ልጃቸው ጀበናውን ይዛ ቆመች። ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገሩ። ቋንቋውን የሚሰሙት ልጆች አቀረቀሩ። «ምን አሉ?» ብዬ ስጠይቀው «ቆይ ቲቸር» አለኝ። መምህሩን «ቆይ» ያለ ተማሪ ሌላ ቀን ቢሆን ከዩኒት መሪው ጋር ያገናኘዋል።

የነገረኝ በባጃጅ ስንመለስ ነው። «እናቴን የቀበርኩ ጊዜ ነው። ላሞቹማ ታልበዋል፤ እኔ ነኝ ያልነበርኩት» ነበር ያሉት።

ለእያንዳንዱ ሰነድ የምንሞላው ካርድ አለን፤ ቅጹን ያወጣሁት እኔ ነኝ። መጨረሻው ላይ «የጎደለ ገጽ ወይም መረጃ» የሚል መስመር አለው። ሰኞ ዕለት ካርዱን ሞልቶ አመጣልኝ። በዚያ መስመር ላይ የጻፈው እንዲህ ይላል፦ «አልጎደለም። ለቅሶ ነው።» ቅጹን ለውጠነዋል።

ያልሆነልንንም ልናገር። ለአንድ ቢሮ በጥቅምት የጻፍነው የትብብር ደብዳቤ እስከ ሰኔ መልስ አላገኘም፤ ሦስተኛውን ይዘን ስንሄድ የመጀመሪያውን ቅጂ አምጡ ተባልን። ቅጂ ነበረን፤ ወረቀት ለቃሚዎች ነን እኮ። ግንቦት ላይ ደግሞ የተሰጠን የዕቃ ግምጃ ቤት ጥግ ጣሪያው አፈሰሰና ሁለት ካርቶን ራሰብን። ወረቀቱን ላቦራቶሪ ውስጥ በገመድና በልብስ ቆንጣጭ አሰጣነው፤ አብዛኛው ተረፈ። አንዲት እናት ያዋሱን የምረቃ ፎቶ ግን ፊቱ ተልጦ ቀረ። ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። የአባባንም ደብተር ያነሳነው በስልክ ስለሆነ እርሳሱ የደበዘዘባቸው ገጾች አይነበቡም።

ክበባችን ለዓመቱ የተሰጠው 600 ብር ነው። መዝገብ፣ ማርከርና ክላሰር ገዛንበትና አለቀ። የስፖርት ክበቡ አዲስ መረብ ማግኘቱን ሰምቻለሁ፤ አልቀናሁም፣ ብቻ መረቡ ዝናብ ቢመታው እንደማይበላሽ ላስታውስ ብዬ ነው። የምንፈልገው ቁልፍ ያለው አንድ የብረት ካቢኔትና አንድ ስካነር ነው፤ ያገለገለ ቢሆን ግድ የለም። ፎቶ ኮፒ ቤት ያላችሁ ወላጆች ጥግ ላይ ያቆማችሁት ካለ አስቡን።

ገንዘብ የሌለው ደግሞ ሳጥኑን ይፈትሽልን። የደመወዝ ወረቀት፣ የሥራ መታወቂያ፣ በካርቦን የተባዛ ደብዳቤ፣ ከትራክተር አጠገብ የተነሳ ፎቶ ካለ አምጡልን። ዋናውን አንወስድም፤ ገልብጠን በሳምንቱ እንመልሳለን። እስከዚያው በፕላስተር አትለጥፉት፣ ላሚኔትም አታስደርጉት፤ ተመልሶ አይላቀቅም። አግራፉ ዝጎ ከሆነ እንዳለ ተዉት፣ ልጆቹ ወረቀቱን ሳይቀድዱ መንቀሉን ተምረዋል።

በሰኔው የመጨረሻ ስብሰባ የሚቀጥለው ዓመት ሥራ አስፈጻሚ ተመርጧል። ካቢኔቱ ገና የለም፤ ቁልፍ ያዡ ግን በሙሉ ድምፅ ያ የ10ኛ ክፍል ልጅ ሆኗል።