ጮክ በይ ስላልኩሽ

የኔ ልጅ፣

ማታ ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የኦፔራ ዘፋኝ ሊመርጡ በጠሩት ኦዲሽን ላይ "ድምፅሽ ያምራል ግን ለትልቅ መድረክ ያንሳል" እንዳሉሽ ስትነግሪኝ እኔ ደሞ ሳላስብ "ታዲያ ትንሽ ጠንከር አድርገሽ ብትዘፍኚላቸውስ" አልኩሽ፣ ዝም አልሽ። ያ ዝምታሽ ነው ያላስተኛኝ። ትንሽ ልጅ ሆነሽም እንግዳ በመጣ ቁጥር ሳሎን መሀል አቁሜሽ "ጮክ በይ እንጂ ይሰማ" እያልኩ አስቸግርሽ የነበርኩት እኔው ነኝ። ይቅር በይኝ እናቴ።

የኦፔራ ዘፋኝ ያለ ማይክ ከስንት መሳሪያ በላይ የሚሰማው ስለሚጮህ እንዳልሆነ ያስረዳሽኝ ራስሽ ነሽ እኮ። የኦርኬስትራው ጉልበት 500 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያው) አካባቢ ይበዛል፣ የሰለጠነ ድምፅ ደግሞ 3000 አካባቢ ላይ ጠንከር ብሎ ይወጣል፣ እዛ ጋ ኦርኬስትራው ስስ ስለሆነ ድምፁ አልፎ ይሄዳል ብለሽ ወረቀት ላይ ስለሽ አሳየሽኝ። ወረቀቱ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

አሁን ያሳሰበኝ ለሚቀጥለው ኦዲሽን የፑቺኒን ኦፔራ፣ የቶስካን ሮል አዘጋጂ መባልሽ ነው። ገና 24 አመትሽ ነው። እንደዛ አይነት ከባድ ሮል የሚዘፍኑት ሰዎች ድምፃቸው እስኪበስል ስንት አመት ጠብቀው ነው፣ ያን ሁሉ ነሐስ መሳሪያ ለመሻገር ጉሮሮሽን ማስገደድ ከጀመርሽ የሚጎዳው አንድ ኦዲሽን አይደለም ድምፅሽ ነው፣ እሱ ደግሞ እንደ ቫዮሊን ገመዱ ተበጠሰ ተብሎ አይቀየርም። በአክብሮት እምቢ በያቸው።

በፐርሰል ኦፔራ ንግሥቲቱን ዳይዶን ሆነሽ የዘፈንሽ ቀን ከኋላ ነበር የተቀመጥኩት። መጨረሻ ላይ፣ ልትሞት ስትል የምትዘፍነው፣ ከስር ያለው ባስ ያንኑ ዜማ ደጋግሞ ወደታች እየወረደ አንቺ ከላዩ ላይ ያለ ቪብራቶ፣ ድምፅሽን ሳታርገበግቢ ማለት ይቻላል፣ ቀጥ አድርገሽ ስትይዢው ትንፋሼን ይዤ ነው የጨረስሽው። አልጮህሽም፣ ግን እያንዳንዱ ቃል እኔ ጋ ደርሷል። ያ ስራ እኮ እ.ኤ.አ. በ1689 ገደማ ለንደን አጠገብ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ የቀረበ ነው፣ የሞንቴቨርዲ ኦፔራ ኦርፌኦም በ1607 ጣሊያን፣ ማንቱዋ ቤተመንግስት አንድ ክፍል ውስጥ ነው መጀመሪያ የቀረበው። ይሄን የባሮክ ዘመን ሙዚቃ ዛሬ የሚጫወቱት ቡድኖችም ብዙዎቹ የአንጀት ክር ያላቸው ቫዮሊኖች ይዘው ነው፣ ቅኝታቸው 440 ኸርዝ ሳይሆን 415፣ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ። እዛ ቤት ያንቺ ድምፅ ምኑ ነው የሚያንሰው? የባሮኩ ሄንደል ላይ ደሞ አሪያው (የብቻ ዘፈኑ) ወደ መጀመሪያው ሲመለስ ጌጡን የምትጨምሪው ራስሽ ነሽ፣ እንዲህ ያለ እምነት ለዘፋኝ የሚሰጥ ሙዚቃ ሁለተኛ ደረጃ ሲባል ስሰማ ያናድደኛል።

የባሮክ ሙዚቃ ዘፋኟን ኤማ ከርክቢን አስቢ። ኦክስፎርድ የተማረችው የግሪክና የላቲን ስነፅሁፍ ነው፣ አስተማሪ ነበረች፣ በዛ ንፁህ ድምፅ ነው አለም ያወቃት። ማንም ቶስካ ዝፈኚ ብሎ አላስገደዳትም።

ብሩ እንደማያስተማምን አውቃለሁ። ከኮንሰርት ኮንሰርት መኖር፣ በትዕይንቱ ቀን ጉንፋን ከያዘሽ አብዛኛውን ጊዜ ክፍያም የለም፣ እሱ ያስጨንቀኛል አልዋሽሽም። ግን ለዛ ብለሽ የሌላ ሰው ድምፅ እንድትይዢ አልፈልግም። የፈረንሳዩ የባሮክ ሙዚቃ ቡድን ሌ ዛር ፍሎሪሳን ለወጣት ዘፋኞች የሚያካሂደው አካዳሚ አለ ብለሽኝ ነበር፣ ፎርሙ ሲወጣ አብረን እንሙላው።

የሄንደሉ ኮንሰርት ላይ እመጣለሁ። ቲኬት ስትይዢልኝ ፊት ለፊት አይሁን፣ የመጨረሻው ረድፍ ላይ አድርጊልኝ።

እናትሽ