ጎንዶርና ጎንደር

ይድረስ ለውድ አባየ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጎንደር ክረምቱ ገብቷል። ጣሪያውን አስጠግኜዋለሁ፣ አያስቡ። ዓይንዎ እስኪሻለው ደብዳቤውን የልጅ ልጅዎ ታንብብልዎ።

ያን ዕለት በስልክ «ምን እያነበብህ ነው?» ሲሉኝ «ስለ ጎንዶር» ብል፣ «አገርህን ከመጽሐፍ ነው የምትማረው?» ብለው ሳቁብኝ። ጎንዶር ሌላ ነው፣ አባየ። ቶልኪን የሚባል አንድ እንግሊዛዊ ፕሮፌሰር ከራሱ ፈጥሮ የጻፈው አገር ነው። እርስዎ ግን ቀጠሉና «ንጉሡ የማን ልጅ ነው?» አሉኝ። ያኔ መልስ አጣሁ። አሁን ቆጥሬ መጥቻለሁ።

ኤልሮስና ኤልሮንድ የሚባሉ ወንድማማቾች ነበሩ። ዘራቸው ከሰውም ከማይሞት ሕዝብም የተቀላቀለ ስለነበር፣ አንዱን ምረጡ ተባሉ። ኤልሮንድ ከማይሞቱት ጋር ቀረ። ኤልሮስ ሰው መሆንን መርጦ ኑሜኖር በምትባል ደሴት ነገሠ፤ 500 ዓመት ኖሮ ሞተ። አራተኛው ንጉሥ የበኩር ልጁ ሴት ነበረች፣ ሲልማርየን ትባላለች። ሕጉ ሴት አያነግሥም ነበርና ዙፋኑ ለታናሽ ወንድሟ ሄደ። ሕጉ የተለወጠው ኋላ ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ ደሴቲቱ በነገሥታቷ ትዕቢት ሰጠመች። በ9 መርከብ ያመለጠው ኤለንዲል ታዲያ የማን ዘር ይመስልዎታል? የሲልማርየን!

የኤለንዲል ልጆች ኢሲልዱርና አናሪዮን ናቸው። የኢሲልዱር ዘር ሰሜኑን፣ የአናሪዮን ዘር ጎንዶርን ያዘ። በእነሱ አቆጣጠር በ1944 የጎንዶር ንጉሥ ከሁለት ወንዶች ልጆቹ ጋር በጦርነት አለቀ። ሴት ልጁ ፊሪኤል የሰሜኑን አልጋ ወራሽ አግብታ ነበር። ባልየው «እኔ የኢሲልዱር ዘር ነኝ፣ ሚስቴም የንጉሡ ልጅ ናት፤ በጥንቱ ሕግ ሴትም ትወርሳለች» ብሎ ተሟገተ። የጎንዶር ሸንጎ «ዘውድ በሴት አይወረስም» ብሎ መለሰው። ኤለንዲል ራሱ በሴት የመጣ መሆኑን ረስተውት!

እዚህ ላይ ስደርስ እርስዎን አሰብኩ። የደንቢያውን ርስት ሲሟገቱ ከአቅኚው አባት ጀምረው የቆጠሩት በአያትዎ እናት በኩል አልነበረም? በእኛ አገር ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መሬት ለሕዝብ ሲታወጅ ያ ሁሉ ቆጠራ ከችሎት ወጣ እንጂ፣ ያ ሸንጎ እርስዎ ፊት ቢቀርብ ይረታ ነበር። ዘውድ ላይ ግን እኛም ያው ነበርን። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1711 እስከ 1716 እዚሁ ጎንደር የነገሡትን ዐፄ ዮስጦስን፣ የንጉሥ ዘርነታቸው በእናታቸው በኩል ነው ብለው ስንቶች አጉረመረሙባቸው።

ኋላ ጎንዶር ንጉሥ አጣች። እንደራሴዎች 969 ዓመት ገዙ፣ ልክ የማቱሳላን ዕድሜ። ዙፋኑ ላይ ግን አልተቀመጡም፤ ከሥሩ ባለ ጥቁር የድንጋይ ወንበር ላይ ነበር የሚቀመጡት። የእኛ ዘመነ መሳፍንት የተገላቢጦሽ ነው፤ ንጉሡ ጎንደር ቤተ መንግሥት ተቀምጦ ራስ የሚባለው መስፍን ደብረ ታቦር ሆኖ ይገዛ ነበር። በመጨረሻ የፊሪኤል ዘር አራጎርን መጥቶ ነገሠ። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» እንደሚሉ አውቃለሁ። ያገባው የኤልሮንድን ልጅ ነው። «ዘመዱን?» እንዳይሉኝ፣ በእሱ በኩል ሰባት ቤት ካለፈ ቆይቷል።

አሁን የእኔ ጥያቄ። እርስዎ ሲቆጥሩ ስድስተኛዋ ላይ ሴት አለች። ስሟን ጽፌው ነበር፣ ወረቀቱን አይጥ በላው። የዓለም ስሟንም የክርስትና ስሟንም ይንገሩኝ፤ ልጅቷ በስልኳ ቀድታ ትላክልኝ። ከእሷ በላይ ያሉትንም ቀስ ብለው፣ ሳይደክሙ።

ልጅዎ፣ ከጎንደር